በናይሮቢ በኩል የመጣ መርዶ

ሰኞ፣ ጥቅ. 3። ጠዋት 3:15

ሊፍቱ ዛሬም የለም። አምስተኛ ፎቅ በእግር። ጥበቃው ደግሞ በየቀኑ ስፖርት ነው እኮ ይለኛል፣ እሱ ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ። ደብተሬ፣ ሳላለከልክ የማወራህ አንተን ብቻ ነው።

ናሆም ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ቆመን ነው የምንሰበሰበው፤ ቆሞ መሰብሰብ ዘመናዊነት ነው የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብቧል። ናሆም ማለት የዚህ ድርጅት ባለቤት፣ የእኔ አለቃ፣ በሕይወቱ አንድ ገጽ ሠርቶ የማያውቅ ድረ ገጽ ሠሪ ነው። የዛሬው ቃል "ኤጅ"። ያለፈው ወር ቃል ሌላ ነበር፤ ረስቶታል። ከእንግዲህ የምንሠራው ሁሉ በኤጅ ነው። የጥርስ ሐኪሙም በኤጅ። የመጋረጃ ሻጯም በኤጅ።

ነገሩ ቀላል ነው፣ ለአንተም ይገባሃል። ስታቲክ የሚባለው ድረ ገጽ አንዴ ተጽፎ የሚቀመጥ ነው፣ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ። ድሮ አንድ ማሽን ላይ ይቀመጥና ሰው ሁሉ ከዚያ ያነባል። አሁን ቅጂው በየከተማው ባሉ ማሽኖች ላይ ይበተናል፤ ኤጅ የሚሉት ይሄን ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሲከፍት ናይሮቢ ወይም ጅቡቲ ካለው ቅጂ ያነባል። ቅርብ ስለሆነ ይፈጥናል። ጥሩ ነገር ነው። ክፋቱ ናሆም እጅ መግባቱ ነው። መጋረጃ ሻጯ ገጿን በዓመት አንዴ ብትቀይር ነው፤ ደንበኞቿም ኡራኤል ዙሪያ ያሉ ሚስቶች ናቸው። ማን ነው መጋረጃ ለማየት እንዲህ የሚቸኩል?

ማንም አልጠየቀም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ፣ ቁርስ ስለደረሰ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 4። ከሰ. 8:00

እማዬ ደወለች። የዕድሩ ነገር።

ሰፈራችን ለልማት ከተነሳ ወዲህ የካዛንቺስ ሰው እንደ ጨው ዘር ተበትኗል። እማዬ ገላን። እትዬ አለምነሽ አራብሳ። ሌላው ቡልቡላ። እኔ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ። ዕድሩ ብቻ አልተነሳም። ግድግዳ የለው፣ ማን ያንሳው።

ችግሩ ሰው ሲሞት አለመሰማቱ ነው። ድሮ ጋሽ ዳምጤ ንጋት ላይ ጥሩንባ እየነፉ ይዞሩ ነበር። እውነቱን እናውራ ከተባለ ያኔም አይሰማም። የሚሰማው ጥሩንባው እንጂ ስሙ አይደለም፤ ሰው በየአጥሩ ማን ነው የሞተው ሲባባል ነበር የሚነጋው። አሁን ጋሽ ዳምጤ ጥሩንባቸውን ይዘው ቡልቡላ ናቸው። ለማን ይንፉ? የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። በሳምንቱ "እንዴት አደራችሁ" የሚል አበባ፣ የጸሎት ቪዲዮና የሚሸጥ ፍሪጅ ሞላው። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ የሞቱት በአበባውና በፍሪጁ መሃል ነው። ማንም አላየም። በጣት የሚቆጠር ሰው ቀበራቸው።

ጥቅ. 23 ጠ/ጉባኤ አለ። አጀንዳው አንድ ነው፦ ዕድሩ ይፍረስ ወይስ ይቀጥል። እማዬ ይሄን ስትነግረኝ ድምጿ ቀጠነ። እዚህ ገላን ማን ያውቀኛል አለች። ማን ይቀብረኛል።

ተናደድኩባት። ገና ቆማ እየሄደች ስለ ቀባሪ የምትጨነቅ ሴት። የምትፈልገው አንድ ገጽ ነው፦ የሞተ ሰው ስም፣ ቀብሩ የት፣ በስንት ሰዓት። አበባ የማይለጠፍበት። የቀባሪዎች ማኅበር ድረ ገጽ ሠሪ ልሆን ነዋ ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ዝም አለች። እሺ አልኩ። ዝም ስትለኝ እሺ እንደምል ታውቃለች።

ዓርብ፣ ጥቅ. 7። ከሰ. 9:30

ናሆም የዕድሩን ገጽ አየ። ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኔን ሲያነብ ነበር፣ እንደ ልማዱ። ዓይኑ በራ። በነፃ እንሥራላቸው አለ።

ቸር ሆኖ እንዳይመስልህ። ሐሙስ ጥቅ. 20 እዚሁ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ለገንዘብ ሰጪዎች ገለጻ አለው። መጋረጃ ከሚያሳያቸው ሞት ቢያሳያቸው እንደሚሻል ገብቶታል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ "ማኅበረሰብ" ከአፉ አልጠፋም። የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው።

ቅድመ ሁኔታ አለው። ሁሉም ነገር ስታቲክ፣ ሁሉም በኤጅ፣ እያንዳንዱ ቅጂ ሙሉ ቀን ሳይታደስ ይቀመጥ። እንዲህ ሲሆን የፍጥነት መለኪያው አረንጓዴ መቶ ያሳያል። ናሆም በዓለም ላይ የሚወደው ያቺን አረንጓዴ መቶ ነው። እኔ ማስታወቂያ ይለወጣል አልኩ። ቅጂው ናይሮቢ ተቀምጦ እያለ እዚህ ብናስተካክል ሰው የሚያየው የድሮውን ነው አልኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ሰው አንዴ ከሞተ ምን ይለወጣል?"

ቢሮው በሳቅ ፈነዳ። ፋራ ሁላ። አካውንቱ በናሆም ስም ተከፈተ፣ የሚስጥር ኮዱም በናሆም ስልክ እንዲመጣ። ሙሉ ቀን ብዬ አስገባሁ። አምኜበት አይደለም። ከደንቆሮ መከራከር ደክሞኝ ነው።

እሁድ፣ ጥቅ. 9። ማታ 1:00

ገላን ውዬ መጣሁ። ታክሲ፣ አውቶብስ፣ ባጃጅ፣ አቧራ።

ጋሽ ሰይድ ነበሩ። የዕድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ወሎዬ፣ ካዛንቺስ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የቀበሩ። መተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ በቃላቸው ይወጡታል፣ ማንም ባይጠይቃቸውም። እትዬ አለምነሽም ከአራብሳ መጥተዋል። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። እማዬ ለእኔ ብላ የምታንሾካሹከውን እሳቸው ከግድግዳው ማዶ ይመልሱላት ነበር። አሁን እማዬን ለማየት ከተማውን አቋርጠው ይመጣሉ። ምላሳቸው መርዝ ነው። ለዚያ ነው የምወዳቸው።

ገጹን ከፈትኩላቸው። ብልጭ ብሎ መጣ። ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። እማዬ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ደግማ አየችው። እትዬ አለምነሽ ግን የእኔንም ሞት እዚሁ ነው የምታወጪው አሉኝ። በዚያ በመታወቂያው ፎቶ ብታወጪኝ ተነስቼ እመጣልሻለሁ አሉ። እማዬ አታሟርቺ ብላ ተቆጣች፣ ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

እማዬ የገላን አስተባባሪ ሆናለች። ሰው ሲሞት አውቶብስ የምትቀጥረው፣ ሰው የምትሰበስበው እሷ ናት። ሲመሽ በየቤቱ እየዞረች ገጹን እንዴት እንደሚከፍቱ ስታሳይ ተከትያት ዞርኩ። ልጄ ናት የሠራችው ትላለች በየበሩ። አፈርኩ። ደስም አለኝ። ሁለቱ ተቀላቅለው ምን እንደሚባሉ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13። ከሰ. 10:15

የመጀመሪያው ሞት። የድሮ የታክሲ ሹፌር፣ በመልክ ብቻ የማውቃቸው። ጋሽ ሰይድ ላኩልኝ፣ ለጠፍኩ፣ ሰው ጎረፈ። ከገላን፣ ከአራብሳ፣ ከቡልቡላ። እማዬ ከቀብር ስትመለስ ደወለች። ዛሬ ካዛንቺስን አየሁት አለች። ቤቱን አይደለም፣ ሰዉን። አሁን ማን ያፈርሰናል አለች።

ናሆም አረንጓዴ መቶዋን ፎቶ አንስቶ በየቦታው ለጠፈ። "ሕይወት የሚቀይር ቴክኖሎጂ" ብሎ ጻፈበት። ሰውየው እኮ ሞተዋል።

እኔም ጎረርኩ ትንሽ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ጋሽ ዳምጤ ገጹ ድምፅ የለውም ብለው አማረዋል አሉ። እሳቸው ድምፅ ነበራቸው፣ ምን ዋጋ አለው፣ ወሬው አይገኝበትም።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 19። ማታ 12:30

እትዬ አለምነሽ ሞቱ።

ግፊት ነው ይላሉ። ልጃቸው ሆስፒታል አድርሷቸው ነበር። ጋሽ ሰይድ ጽሑፉን ላኩ፦ ቀብር ነገ 9 ሰዓት፣ ኡራኤል። ልጃቸው የላከው ያንኑ የመታወቂያውን ፎቶ ነው። ሌላ ፈልግ አልኩት። በቀይ ሹራብ ሆነው ጥርሳቸው ሁሉ የሚታይበት ላከ። እሱን አወጣሁ።

ቢሮ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ናሆም በሩን አንኳኩቶ የነገው ስላይድ አለቀ ወይ አለኝ። እንዲህ ያለውንም ሰው እናት ወልዳዋለች።

እማዬ አሁኑኑ አራብሳ ልሂድ ብላ ነበር። በዚህ ሰዓት ከገላን በምን ትሄዳለች? ነገም የገላኑን አውቶብስ የምታስነሳው እሷ ናት። ከሰዎቿ ጋር ቀጥታ ኡራኤል ልትመጣ ተስማማን። እሷን እንኳ ልቅበራት እንጂ አለች፣ ድምጿ ደረቅ ነው። ሳትሰናበተኝ ዘጋችው።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 20። ጠዋት 2:40

ጋሽ ሰይድ ደወሉ። ከሰዓት መንገድ ይዘጋል ተብሏል፣ እንግዳ አለ። ቀብሩ ወደ 6 ሰዓት መጣ። አስተካከልኩ። ስክሪኔ ላይ አየሁት፣ 6 ይላል፣ ጥርት ብሎ። ጋሽ ዳምጤ ቢሆኑ ይሄኔ ገና ጥሩንባቸውን እየፈለጉ ነበር።

ያው ዕለት። 4:30

ናሆም ሆቴል ነው። እኔ ስላይዱን እያስተካከልኩ በየደቂቃው እልክለታለሁ። እማዬ በዚህ መሃል ደወለች። አንዱ 6 ነው ይለኛል፣ አንዱ 9 ነው ይለኛል፣ የቱን ልያዝ ትላለች። ሥራ ላይ ነኝ እኮ። ጮህኩባት።

"እማዬ በቃ! የሰው ወሬ ተይና ገጹን እመኚ!"

እሺ ልጄ አለች፣ ዘጋች። ገጽ ሠርተህላቸው ወሬ ነው የሚያምኑት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ያው ዕለት። ከሰ. 11:00

ከቀብር መጣሁ።

6 ሰዓት ሊሆን ሲል ኡራኤል ደረስኩ፣ ከቢሮ በእግር ነው። ልጆቻቸው አሉ። ጥቂት የአራብሳ ጎረቤቶች። ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው ስልካቸውን ያያሉ፣ መንገዱን ያያሉ። የካዛንቺስ ሰው የለም። ያን ሁሉ ሰው የቀበሩ ሴትዮ፣ ቀባሪ አጡ። አስከሬን የሚሸከም ጎደለና በመንገድ የሚያልፍ ሰው ተለመነ። ልጃቸው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

ጋሽ ሰይድን ስልካቸውን ተቀበልኳቸው። ገጹን ከፈትኩ። 9 ሰዓት ይላል። በእኔ ስልክ ከፈትኩ፣ የእኔ መስመር ሌላ ነው። 6 ይላል። ያኔ ገባኝ። ጠዋት ስክሪኔ ላይ ያየሁት ዋናውን ነው። የእኔ ስልክ የሚያነበው ዛሬ ካስተካከልኩ በኋላ ጅቡቲ የተገለበጠውን ነው፤ ብዙው ሰው የሚያየው ግን ትናንት ማታ ተገልብጦ ናይሮቢ የተቀመጠውን ነው። ቅጂው እስከ ዛሬ ማታ አይታደስም። ሙሉ ቀን ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

እማዬ ስትደውል ገጽሽ ላይ ስንት ይላል ብዬ አልጠየቅኳትም። እመኚ አልኳት። አመነች።

ደወልኩላት። አውቶብሱን ለ7 ነው የቀጠርኩት አለች፣ ምነው? ነገርኳት። ቅጂዎቹን በአንዴ የሚያጠፋ ቁልፍ አለ፣ ግን አካውንቱ የናሆም ነው፣ ኮዱ የሚመጣው በናሆም ስልክ ነው። ደወልኩ። ደጋግሜ ደወልኩ። አያነሳም። በኋላ እንደሰማሁት በዚያው ሰዓት የሆቴሉ ግድግዳ ላይ የእትዬ አለምነሽን ገጽ አንጸባርቆ በፍጥነቱ እያስጨበጨበ ነበር። በቀይ ሹራብ፣ እየሳቁ። ቀብር 9 ሰዓት።

ገላኖቹ መጡ። መንገድ ተዘግቶባቸው ከሩቅ ወርደው በእግር ነው የመጡት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እማዬ ከፊት። ከተነገራቸውም በኋላ ቢያንስ አፈሩን እንይ ብለው ነው። እማዬ አፈሩ አጠገብ ቆመች። አላለቀሰችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በአጠገቤ አልፋ ሄደች፣ እንደማታውቀኝ።

ዓርብ፣ ጥቅ. 21። ጠዋት 4:00

ናሆም በደስታ ሰክሯል። ገንዘብ ሰጪዎቹ ወደውታል። የሆነውን ነገርኩት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አዘነ፣ ለአፍታ። ከዚያ ቅጂ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳኝ ጀመር። ለእኔ። ለቀባሪ አረዱት አሉ! ሰዎቹ ገጹን ማደስ ነበረባቸው አለ፣ የተጠቃሚ ሥልጠና ያስፈልጋል አለ፣ እንዲያውም ለሥልጠናው ገንዘብ እንጠይቅበታለን አለ።

የቅጂው ዕድሜ ይጠር አልኩት። መቶዋ ትወርዳለች አለ። ሰዎቹ ገና እያዩት ነው፣ አሁን አትንኪው አለ።

ናሆምን እንቀዋለሁ፣ አዲስ ነገር አልነገርኩህም። ዛሬ ግን ንቀቱ አልጣመኝም። እሱ እንደሆነ አላዋቂ ነው፣ አረንጓዴ ካየ ይሄዳል። አዋቂዋ እኔ ነበርኩ። እያወቅኩ፣ እነዚያ ሲስቁ እልህ ይዞኝ፣ ይበላቸው ብዬ አስገባሁ። የበላው ግን እነሱን አይደለም።

እማዬ ስልክ አታነሳም።

እሁድ፣ ጥቅ. 23። ከሰ. 10:00

ጠ/ጉባኤ። ኪርቆስ አካባቢ በትውስት የተገኘ አዳራሽ። ሰፈሩ ከተነሳ ወዲህ ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ አያውቅም፤ ለመጮህ ሲሆን ማንም አይቀርም። ባልና ሚስት ተነስተው ተጣሉ። የሚስትየዋ ስልክ 6 ይል ነበር፣ የባልየው 9። ባልየው የእኔ ስልክ ውድ ነው ብሎ አሸነፈና ሁለቱም ቀሩ። ጋሽ ዳምጤ በእኔ ጥሩንባ ጊዜ ብለው ጀመሩ። እርስዎስ ቀብሩ ላይ የት ነበሩ ተባሉ። ተቀመጡ።

ጋሽ ሰይድ ተነሱ። ደንቡን አላነበቡም፣ በቃላቸው አወረዱት። ከቀብር የቀረ አባል፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይሸከማል፣ ሻይ ያፈላል። ኢንተርኔት የሚል አንቀጽ የለም። በቃ፣ ሁሉም ተቀጣ። እማዬም ተቀጣች። የሚያለቅሱ ነበሩ፣ በቅጣቱ አይደለም፣ በእትዬ አለምነሽ።

ከዚያ ይፍረስ የሚሉት እጅ አወጡ። ተበትነን አልቻልንም፣ ሙት እንኳ መቅበር አቃተን፣ ያለውን ተካፍለን እንለያይ። ብዙ ናቸው። እማዬ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ታያቸዋለች። ያን ፊቷን ገላን የሄድን ቀን አይቼዋለሁ። ጋሽ ሰይድ አዳመጡ፣ አዳመጡ፣ አንድ ሌላ አንቀጽ አለ አሉ። ያልተፈጸመ ቅጣት እያለ ዕድር አይፈርስም። ቅጣቱ ደግሞ የሚፈጸመው ሰው ሲሞት ነው። እስከዚያ ጠብቁ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። የጋሽ ሰይድ ፊት ላይ ምንም የለም። አንቀጹን እዚያው ቆመው የፈጠሩት ይመስለኛል። ደንቡን ያምጡት ያለ ግን አልነበረም።

ይቺ ልጅስ አለ አንዱ። ገጹን የሠራችው። ተነሳሁ። ለስድቡም ለቅጣቱም ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት፣ የምመልሰውን ሁሉ አስቤ። ጋሽ ሰይድ ግን ተቀመጪ አሉኝ። የአባል ልጅ ናት እንጂ አባል አይደለችም አሉ። አባል ያልሆነ አይቀጣም። ስለ ትብብሯ እናመሰግናታለን።

አጨበጨቡልኝ። እንግዳ ሲሸኝ እንደሚጨበጨበው። በሕይወቴ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። እማዬ አላጨበጨበችም፣ ወለሉን ነበር የምታየው።

ሰኞ፣ ጥቅ. 24። ከሰ. 11:30

ጠዋት ገጹን እንደ አዲስ ሠራሁት። ስሙና ፎቶው በኤጅ ይቀመጥ፣ እነሱ አይለወጡም። ቦታና ሰዓቱ ግን ሰው በከፈተ ቁጥር ከዋናው ማሽን ይጠየቅ። ገጹ ትንሽ ያዘግማል፣ አንድ ጊዜ ትንፋሽ እስኪወስዱ። የመጣው ሰዓት ግን እውነተኛው ሰዓት ነው። መቶዋ ወረደች። ናሆም ከወንበሩ ተነሳ። የድርጅቱ ንብረት ነው አለ፣ ገለጻውስ አለ። የሠራሁት የሕዝብ መርዶ ነው አልኩት፣ ፋይሎቹ እኔ ጋ ስለነበሩ በራሴ ስም አዲስ አካውንት ከፍቼ አዛወርኩት፣ አዲሱንም አድራሻ ለጋሽ ሰይድ ላኩ። አረንጓዴዋን መጋረጃ ሻጯ ላይ ስቀላት አልኩ። ዛሬ ማንም አልሳቀም።

ከሥራ ወጥቼ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ፣ አሁን ሰንጋ ተራ ጠባብ ቦታ ነው ያሉት። መመዝገብ ፈልጌ ነው አልኩ። አንቺ ለሞት ገና ነሽ አሉኝ። ለሞት አይደለም፣ ለቅጣት ነው አልኩ። ጨርቅ ማጠፋቸውን ተዉ።

ቀብሩ ላይ እኮ ነበርሽ አሉ፣ በየትኛው እቀጣሻለሁ? አላውቅም፣ ይፈልጉልኝ አልኩ። እሳቸው ፊት ማልቀስ አልፈልግም ነበር፣ አለቀስኩ። እማዬን አፈር አሳየኋት አልኩ። በርጩማ ሰጡኝ። ጨርቁን አጥፈው ከጨረሱ በኋላ አንድ አንቀጽ አለ አሉ። የጥሩንባ ነፊው አንቀጽ ነው። መርዶ ነጋሪ ሰዓት ቢያዛባ፣ ድንኳን ከሚተክሉት ጋር ይተክላል፣ ሲነቀልም መጨረሻ የሚሄደው እሱ ነው። ልክ ነው አልኩ። እሱ ይሁንልኝ።

ጋሽ ዳምጤ እንኳ በዚህ አንቀጽ ተቀጥተው አያውቁም አሉኝ ሲሸኙኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ጠዋት 1:20

ሰው ሞቷል። የአንድ የድሮ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሚስት፣ እዚሁ ሰንጋ ተራ ከእኛ ብሎክ ጀርባ። ጋሽ ሰይድ በደወሉ ጊዜ ገና አልነጋም። ለጠፍኩ። ከዚያ ገላን፣ አራብሳ፣ ቡልቡላ አንድ አንድ ሰው ጋ ደወልኩ። ነገሩን ልነግራቸው አይደለም። ምን ይነበብዎታል ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም አንድ ሰዓት ነገሩኝ።

መጨረሻ ላይ እማዬን። ከዚያ ቀን ወዲህ አንስታልኝ አታውቅም። አነሳች። ምን ይላል አልኳት። 9 ይላል አለች። ልክ ነው አልኩ። እኔ ልዘጋ ስል፣ ጋሽ ሰይድ ነግረውኛል አለች። ዕቃው ከሚወርድበት ድንኳኑ እስከሚተከልበት ሩቅ ነው፣ እንጨቱም ከባድ ነው፣ ያን ቀጭን ጫማሽን አድርገሽ እንዳትመጪ። እኔ ሻይ ላይ ነኝ፣ ሲደክምሽ ነይ።

ከዚህ ሁሉ ቀን በኋላ ያለችኝ ይሄን ነው። ስልኩን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ለናሆም ዛሬ አልገባም ብዬ ጻፍኩለት። አመመሽ ወይ አለ። አይ፣ ቅጣት አለብኝ አልኩት። የምን ቅጣት ብሎ መለሰልኝ። አባል ስላልሆነ አልነገርኩትም።